በአፓላችያ ተራሮች ኑሮ፥ ቂምና ትምህርት ቤት



በሰሜን አሜሪካ፥ በኬንታኪ ግዛት ምሥራቃዊ ተራሮች መካከል፥ ሞርሄድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በጥቅምት ወር 1887 ዓ.ም. አንዲት እናትና ወንድ ልጃቸው በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በተከፈተበትም ቀን የመጣችው ተማሪ አንዲት ብቻ ነበረች። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ወርና ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ቀን አስቀድሞ፥ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በከተማይቱ መካከል ብርቱ የተኩስ ውጊያ ተደርጎ ነበር። ሦስት ዓመት በቆየው ጠብ በዚያ ወረዳ 20 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ የግዛቱም ሹማምንት ወረዳው ጨርሶ ይፍረስ ወይስ ይቆይ እያሉ እስከ መነጋገር ደርሰው ነበር። እናትና ልጅ ሊያስተምሩ የመጡት ወደዚህ ዓይነት ስፍራ ነው።

የሮዋን ወረዳ ታሪክ በመምህራን ዘንድ ሊነገር የሚገባው፥ ጠቡም ትምህርቱም በአንድ ስፍራና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ስለ ተፈጸመ ነው። በሮዋን ሲተኮስ የነበረው ጥይት በሌላውም ተራራ ተተኩሷል፤ በሮዋን በ1911 ዓ.ም. የሆነው ግን በዚያ ዘመን በሌላ ስፍራ አልታየም። ወደዚያ ለመድረስ ግን አስቀድሞ አገሩንና የሕዝቡን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአፓላችያ ተራሮች ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጀምረው በስተ ደቡብ ምዕራብ እስከ አላባማ የሚዘረጉ፥ ርዝመታቸው 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሰንሰለት ናቸው። እጅግ ያረጁ ተራሮች በመሆናቸው ዝናብና ነፋስ ዝቅ አድርጓቸዋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው፥ በሰሜን ካሮላይና ያለው የሚቸል ተራራ፥ ከፍታው 2,037 ሜትር ነው። አዲስ አበባ የተሠራችበት ምድር ከዚህ ተራራ ራስ ስለሚበልጥ፥ ደጋ የለመደ ሰው ይህን ቁመት ሰምቶ ፈገግ ሊል ይችላል። ነገር ግን የአገሩን ኑሮ የወሰነው ቁመቱ ሳይሆን ቅርጹ ነው። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ለእርሻ የሚሆነው ሜዳ በወንዙ ዳር እንደ መቀነት የተዘረጋ ብቻ ነው፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ራሱ የወንዙ ወለል ነበር። ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይጠፋል። በአንድ ሸለቆ የሚኖረው ሰው ከአጎራባቹ ሸለቆ ሰው ጋር በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይገናኝ ነበር፤ የሚገናኝበትም ቀን የምርጫና የፍርድ ቤት ቀን ነው። ይህ ነገር በኋላ ይመለስበታል።

ከነጮቹ በፊት በደቡቡ ተራሮች ይኖሩ ከነበሩት ነገዶች ዋነኞቹ ቼሮኪዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሴኮያ የሚባል፥ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰው፥ በ1821 ዓ.ም. ለቋንቋው ፊደል አበጀ። ፊደሉ 85 ያህል ምልክት ያለው ሲሆን፥ የአንዱን ቀለም ተነባቢና አናባቢ በአንድ ምልክት ይጽፋል፤ በዚህ ረገድ የግዕዝን ፊደል የተማረ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። በ1828 ዓ.ም. በዚሁ ፊደል ጋዜጣ አሳተሙ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን የአሜሪካ መንግሥት በወታደር ከአገራቸው አስነቅሎ ወደ ምዕራብ ነዳቸው፤ በመንገድና በየሰፈሩ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ተራራው ባዶ ነበረ ብለው የሚጀምሩ መጻሕፍት ሁሉ ይህን ምዕራፍ ዘልለውት ነው።

ነጮቹ ሰፋሪዎች የመጡት አብዛኞቹ በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከሰሜን አየርላንድ የመጡ የስኮትላንድ ዘሮች፥ ጀርመኖችና እንግሊዞች ነበሩ። የእንግሊዝ ንጉሥ በ1763 ዓ.ም. ከተራራው ወዲያ ማንም እንዳይሰፍር በአዋጅ ቢከለክልም፥ የሰማው ጥቂት ነው። ቤታቸውን ከግንድ ይሠሩ ነበር። ግንዱን በመጥረቢያ ጠርበው፥ ጫፉን አሳክተው ይደራርቡና በመካከሉ ያለውን ቀዳዳ በጭቃ ይመርጉታል። ቤት ሲሠራ፥ ደን ሲመነጠር፥ በቆሎ ሲፈለፈል ጎረቤት ሁሉ በደቦ ይወጣል፤ ባለቤቱ ያበላል፥ ያጠጣል፤ ማታም ክራር መሰል መሣሪያ ይመታል፥ ይዘፈናል። ሴቶቹ የበግ ጠጉርና የተልባ ጭረት እየፈተሉ ልብሱን በቤት ይሸምኑ ነበር። ሐኪም ስለ ሌለ መድኃኒቱ ከሥራ ሥር ነው፤ ሰባኪው በፈረስ ከሸለቆ ሸለቆ የሚዞር ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው በክረምት ሞቶ ቢቀበር የፍትሐቱ ስብከት ወራት ቆይቶ በበጋ የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ዋናው እህላቸው በቆሎ፥ ዋናው ከብታቸው አሳማ ነው። አሳማው በበረት አይታሰርም። በጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ይተለተልና ወደ ዱር ይለቀቃል፤ በዚያም ቼስትነት ከሚባለው ትልቅ ዛፍ የሚረግፈውን ፍሬ እየበላ ይሰባል፤ በመጸው ተሰብስቦ ይታረዳል። የዚያ ዛፍ ፍሬ ለሰውም ምግብ ነበረ፤ በከተማም ተሸጦ ለልጆች ጫማ ይገዛበት ነበር። በ1904 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የታየ የዛፍ በሽታ እስከ 1950 ድረስ በቢልዮን የሚቆጠሩ የዚህን ዓይነት ዛፎች ጨርሶ ስለ ፈጀ፥ ዛሬ በዚያ አገር የሚጓዝ ሰው የቀድሞውን ዱር አያየውም። በጦርነትና በጠብ ብቻ የተጠመዱ ታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህ ዛፍ ሁለት መስመር እንኳ የማይሰጡት መሆኑ የሚያሳዝን ነው፤ የድኻውን ጓዳ ባዶ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበርና።

ከበቆሎውም የሚተርፈው አረቄ ይሆናል። ምክንያቱ የሒሳብ ነገር ነው፤ በፈረስ ጀርባ ተራራ አሻግሮ እህሉን መሸጥ የጭነቱን ዋጋ እንኳ አይመልስም፤ አረቄ ሆኖ ሲጫን ግን ያው ፈረስ የብዙ እጥፍ እህል ዋጋ ይሸከማል። ስለዚህ መንግሥት በአረቄ ላይ በ1791 ዓ.ም. ቀረጥ ሲጥል፥ ገበሬዎቹ የገበያ መንገዳቸው እንደ ተዘጋባቸው ቆጠሩት። በምዕራብ ፔንሲልቫኒያ የተነሣውን ሁከት ለማብረድ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1794 ዓ.ም. 13,000 የሚጠጋ ጭፍራ አሰልፈዋል። ቀረጡ ቆይቶ ቢሻርም በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ እንደገና ተጣለ፤ ከዚያ ወዲያ በተራራው ውስጥ ከቀረጥ ተሰውሮ በሌሊት አረቄ ማውጣት የተለመደ ሆነ። በሌሊት ስለሚሠሩ ስማቸውን ከጨረቃ ብርሃን ወሰዱት። የጨረቃ ብርሃን በሮዋን ወረዳ ለሌላ ሥራ እንደ ዋለ ወደ ኋላ ይነገራል።

ስለ ጠቡ ምክንያት ለመናገር የሚፈልግ ሰው ከምርጫው ቀን መጀመር ይገባዋል። ኬንታኪ በብዙ ትናንሽ ወረዳዎች የተከፋፈለች ግዛት ናት፤ ዛሬ ቍጥራቸው 120 ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ዳኛ፥ የራሱ ጸሐፊና ሸሪፍ የሚባል የራሱ የጸጥታ ሹም አለው፤ ሁሉም በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። ሸሪፍነት ቀረጥ መሰብሰብን፥ ሰው ማሰርንና የፍርድ ተመልካቾችን መጥራትን ስለሚጨምር፥ ሹመቱን የያዘ ወገን ሕጉን በእጁ ያዘ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በኬንታኪ እስከ 1891 ዓ.ም. ድረስ ምርጫ በምስጢር ወረቀት አይደረግም ነበር። መራጩ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም በቃሉ ይናገራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። እንግዲህ ጠላቱም ወዳጁም፥ አበዳሪውም ባለ መሬቱም ቆሞ እየሰማ፥ አረቄ በነጻ በሚቀዳበት ቀን፥ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ድምፁን ሲሰጥ፥ ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በዚህ ላይ የእርስ በርሱ ጦርነት ያወረሰው ቁስል ነበረ። ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የተራራው ሕዝብ በአንድ ወገን አልተሰለፈም። ምዕራባዊው የቨርጂኒያ ክፍል ተገንጥሎ በ1863 ዓ.ም. ዌስት ቨርጂኒያ የሚባል ግዛት ሆነ፤ ምሥራቅ ቴኔሲ ለሰሜኑ መንግሥት ሲያደላ የቀረው ቴኔሲ ወደ ደቡብ ሄደ። በሰሜን ካሮላይና ሼልተን ሎረል በሚባል ሸለቆ በጥር ወር 1863 ዓ.ም. የደቡብ ወታደሮች 13 እስረኞችን፥ ሽማግሌና ልጅ ሳይለዩ፥ ያለ ፍርድ ረሸኑ። ኬንታኪም ሰሜኑን ባትለቅም ልጆቿ በሁለቱም ወገን ተዋግተዋል። በሞርሄድ ያለው የሮዋን ፍርድ ቤት በ1864 ዓ.ም. በሽፍቶች ተቃጥሏል። ጦርነቱ ሲያልቅ የሞተው ሰው ገዳይ በውጭ አገር አልነበረም፤ በሚቀጥለው ሸለቆ እርሻውን ያርስ ነበር።

በነሐሴ ወር 1884 ዓ.ም. በሞርሄድ ለሸሪፍነት በተደረገው ምርጫ ኩክ ሐምፍሪ የተባለ የሪፐብሊካን ወገን ሰው በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። በምርጫው ቀን በተነሣው አምባጓሮ አንድ ሰው ሞተ፥ ጆን ማርቲን የሚባል ሌላው ቆሰለ። ሟቹን ማን ገደለው? አንዱ ወገን አንዱን፥ ሌላው ሌላውን ስላመለከተ እውነቱ ሳይገለጥ ቀረ። በታኅሣሥ ማርቲን ከጠላቶቹ አንዱን ፍሎይድ ቶሊቨርን በመጠጥ ቤት ተኩሶ ገደለው። ሕዝቡ እንዳይገድለው ማርቲን ዊንቸስተር ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተወስዶ ታሰረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አምስት ሰዎች የትእዛዝ ወረቀት ይዘው ከእስር ቤቱ ጠባቂ ዘንድ ቀረቡ፤ ወረቀቱ ማርቲን ወደ ሞርሄድ እንዲመለስ ያዝዛል። ወረቀቱ ሐሰተኛ እንደ ነበረ በኋላ ተነገረ። ማርቲን እየተማጠነ በካቴና ታስሮ ከባቡር ተሳፈረ፤ ፋርመርስ በሚባለው ጣቢያ ባቡሩ ሲቆም የታጠቁ ሰዎች ገብተው በወንበሩ ላይ እንዳለ ተኮሱበት። ሚስቱ ሉሲ ባሏን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ በዚያው ባቡር በሌላው ፉርጎ ተቀምጣ ነበር፤ ባሏ እዚያ መኖሩን ያወቀችው ተኩሱን ከሰማች በኋላ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ግድያ ሁሉ አንድ በአንድ መቍጠር አስፈላጊ አይደለም። የቶሊቨር ወገን አለቃ የሆነው ክሬግ ቶሊቨር ሞርሄድን ከነሹመቷ ያዛት፤ የተጠሉት ሰዎች ቤታቸውን እየዘጉ ተሰደዱ። የግዛቱ ጭፍራ መጥቶ ጥቂት ጊዜ ሰፈረ፤ ሲሄድ ነገሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለፍርድ የቀረበ ሰው ቢኖርም የሚመሰክርና የሚፈርድ አይገኝም ነበር። በሰኔ 1887 ዓ.ም. ሎጋን ከሚባል ቤተ ዘመድ ሁለት ወጣት ወንድማማች በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ዘመዳቸው ቡን ሎጋን ሕግ የተማረ ጠበቃ ነበርና አስቀድሞ ወደ ግዛቱ አስተዳዳሪ ዘንድ ሄዶ ጭፍራ እንዲሰጠው ለመነ፤ አስተዳዳሪው ነገሩ የፍርድ ቤት ነው ብለው አሰናበቱት። ጠበቃው ወደ ሲንሲናቲ ከተማ ሄዶ ጠመንጃ ገዛ፤ ሌላ ዕቃ አስመስሎም በባቡር አስጫነው። ሰኔ 22 ቀን ሞርሄድን በታጠቁ ሰዎች ከበባት፤ ከተኩሱም በኋላ ክሬግ ቶሊቨርና ሌሎች ሦስት ሰዎች ሞተው ተገኙ። ጠቡ በዚህ አበቃ። ያበቃው ግን በሕግ አልነበረም፤ ሕግ የተማረውም ሰው በመጨረሻ ያመነው በጠመንጃው ነው።

በዚያው ዘመን፥ ከሮዋን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በታግ ወንዝ ዳር፥ በሐትፊልድና በማኮይ ቤቶች መካከል የነበረው ጠብ ከዚህ ይልቅ ዝነኛ ሆኗል። በ1878 ዓ.ም. አንድ አሳማ የማን ነው በሚል ክርክር ተካሰሱ፤ በጆሮ ምልክት የሚለየው የዱር አሳማ ለክርክር እንዴት እንደሚመች ከላይ ተነግሯል። በ1882 ዓ.ም. በምርጫ ቀን ሦስት የማኮይ ወንድማማች አንድ ሐትፊልድን ወግተውና ተኩሰው ጣሉት፤ እርሱ ሲሞት ሦስቱ ታስረው ተረሸኑ። በ1888 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ሌሊት የአባታቸው ቤት ተቃጥሎ ሁለት ልጆች ተገደሉ። የትላልቅ ከተሞች ጋዜጦች ወሬውን ሲያናፍሱት፥ የተራራው ሰው በደሙ ውስጥ የአውሬነት ጠባይ ያለበት፥ ከዘመን ኋላ የቀረ ፍጥረት ሆኖ ተሣለ። የቤሪያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዊልያም ፍሮስት በ1899 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ የተራራውን ሰዎች ዛሬ በሕይወት ያሉ ቅድመ አያቶች አድርገው አቅርበዋቸዋል። አሳባቸው በጎ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። ቢሆንም ሰውን እንደ ቤተ መዘክር ዕቃ ማሳየት ውርደት ነው።

የታሪክ ሊቅ አልቲና ዎለር በ1988 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ አስረድተዋል። መዝገብ ሲመረመር ከጠቡ ሥር የመሬትና የእንጨት ንግድ ክርክር ይገኛል፤ አምስት ሺሕ ኤከር መሬት ለሐትፊልድ የለቀቀ ፔሪ ክላይን የሚባል ጠበቃ፥ ከዓመታት በኋላ፥ ባቡርና የከሰል ነጋዴ በሚቃረቡበት ሰዓት፥ የቀዘቀዘውን ክስ ያስነሣው እርሱ ነው። ይህ አተረጓጐም ሁሉንም ነገር አይፈታም፤ የወንድምን ሞት ሐዘን በመሬት ውል ብቻ ማስረዳት አይቻልምና። ቢሆንም ጋዜጠኞቹ በደም ጠባይ ካመካኙት ይልቅ ይህኛው ወደ እውነት የቀረበ ነው፤ ከሮዋንም ነገር ጋር ይስማማል።

ጥይቱ ዝም ካለ በኋላ የተራራውን ሰው ከርስቱ የነቀለው ወረቀት ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የከሰል ገዢዎች ወኪሎች በፈረስ እየዞሩ የገበሬውን የመሬት ውስጥ ማዕድን በጥቂት ገንዘብ ይገዙ ነበር። ውሉ እርሻው ለገበሬው እንደሚቀር ይናገራል፤ ነገር ግን ባለ ማዕድኑ ከሰሉን ለማውጣት የሚያስፈልገውን ሁሉ በላይኛው መሬት ላይ እንዲያደርግ መብት ይሰጣል። ከፈረሙት ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ በስማቸው ፈንታ የመስቀል ምልክት አደረጉ። ከሃምሳና ከስድሳ ዓመት በኋላ ተራራ የሚገምስ መኪና ሲመጣ፥ የልጅ ልጆቻቸው እርሻና የአያቶቻቸው መቃብር ሳይቀር በዚያ ወረቀት ኀይል ተቈፈረ። የኬንታኪ ሕዝብ ይህን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያስቀረው በ1988 ዓ.ም. ነው። የከሰሉ ዘመን የራሱን ጠብ አመጣ፤ በግንቦት 1920 ዓ.ም. በሜትዋን ከተማ በማዕድን ኩባንያ በተቀጠሩ ዘበኞችና በከተማው ሰዎች መካከል በተደረገው ተኩስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ በሚቀጥለው ዓመት 10,000 ያህል ሠራተኞች ታጥቀው በብሌር ተራራ ተዋጉ። ከእነርሱም መካከል ነጭም ጥቁርም፥ ከኢጣልያና ከሀንጋሪ የመጣም ነበረ። ያ ግን ለብቻው ንግግር የሚያሻው ነገር ነው።

ወደ ሞርሄድ እንመለስ። በ1887 ዓ.ም. ወይዘሮ ፊቢ ባተንና ልጃቸው ፍራንክ የከፈቱት ትምህርት ቤት በቤተ ክርስቲያን ማኅበር እርዳታ የቆመና ዓላማውም ለወረዳው መምህራንን ማውጣት ነበር። በአንዲት ተማሪ ተጀምሮ ቀስ በቀስ አደገ፤ በ1922 ዓ.ም. መንግሥት ተረከበው፤ በ1966 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ወረዳ ያደጉት ወይዘሮ ኮራ ዊልሰን ስቱዋርት ጠቡ በተነሣ ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሲያድጉ መምህርት ሆኑ፤ በ1901 ዓ.ም. የወረዳው ትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ ሆነው ተመረጡ። ሴት በማይመርጥ ሕዝብ ድምፅ ሴት መመረጧ ራሱ የሚያስገርም ነው። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የኬንታኪ የትምህርት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ከሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው።

ወይዘሮ ስቱዋርት ለሥራቸው ምክንያት የሆኗቸው ሦስት ሰዎች እንደሆኑ ጽፈዋል። አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ወደ ሩቅ ከተማ ሄዳ ስለምትኖር፥ ደብዳቤዋ በመጣ ቍጥር እስኪነበብላቸውና መልሱ እስኪጻፍላቸው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመላለሱ ነበር። ሁለተኛው አንድ ጎልማሳ ነው፤ መጽሐፍ አንሥቶ እያገላበጠ፥ ማንበብ ለመቻል ከዕድሜው ሃያ ዓመት ቢሰጥ እንደማይቈጨው ተናገረ። ሦስተኛው ግጥም የሚገጥም ወጣት ነበር፤ መጻፍ ስለማይችል የገጠማቸውን ብዙዎቹን ረስቷቸዋል። እነዚህ ሰዎች ቀን በሥራ ይውላሉ፤ ትምህርት ቤቱም በቀን የልጆች ነው። ማታ ቢጠሩ ደግሞ መንገዱ ገደል፥ ወንዙ ድልድይ የሌለው ነው። ስለዚህ ወይዘሮዪቱ ትምህርቱን ጨረቃ በምትወጣበት ሌሊት አደረጉት፤ ስሙም የጨረቃ ብርሃን ትምህርት ቤት ተባለ። ሽፍታና አረቄ አውጪ በሚሄድበት መንገድ፥ በዚያው ብርሃን፥ ተማሪ እንዲሄድበት ነው።

የወረዳው መምህራን ተሰብስበው ነገሩ ሲነገራቸው፥ ቀን አስተምረው ማታ ያለ ደመወዝ ለማስተማር ተስማሙ። ይህ ጥቂት ነገር አይደለም፤ የቀኑም ደመወዛቸው እጅግ አነስተኛ ነበርና። መስከረም 4 ቀን 1911 ዓ.ም.፥ የሠራተኞች በዓል ቀን በመሆኑ ከሥራ ነጻ ስለ ነበሩ፥ እያንዳንዱ መምህር በየሰፈሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ሰውን ጠራ። በማግሥቱ ማታ 50 በሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ፋኖስ በራ። ወይዘሮዪቱ በወረዳው ሁሉ 150 ሰው ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። የመጡት 1,200 ሆኑ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 86 ነው። ሕፃን የታቀፉ እናቶች፥ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሎች፥ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች ሳይቀሩ በልጆች ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ የዚያን የሦስት ዓመት ጠብ ጊዜ በዓይናቸው ያዩ፥ ምናልባትም በሁለቱ ወገን የነበሩ እንደሚሆኑ ዕድሜያቸው ይመሰክራል።

የማስተማሪያው ዘዴ ለመምህራን ሊገለጥ የሚገባው ነው። ጎልማሳውን በልጆች መነሻ መጽሐፍ፥ ስለ ድመትና ስለ ኳስ በሚያወራ ገጽ ማስተማር እንደሚያሳፍረው ስላወቁ፥ ወይዘሮ ስቱዋርት ለዚሁ ብለው ትንሽ ጋዜጣ አሳተሙ። ጋዜጣው የወረዳውን ወሬ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር፥ ቃላቱን እየደጋገመ ያወራል፤ ስለ መንገድ ሥራ፥ ስለ ጎረቤት፥ ስለ ምርት። ሰውየው ጋዜጣ ሲያነብ የሚያየው ሰው እንደ ጀማሪ አይቈጥረውም። ስም ለመጻፍ ደግሞ ፊደሉ ጎድጉዶ የታተመበት ወፍራም ወረቀት ይሰጠዋል፤ መጥረቢያ የለመደ እጅ እርሳሱን በጎድጓዳው እየነዳ እስኪለምድ ይደጋግማል። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ስማቸውን ጻፉ። ስም መጻፍ በዚያ አገር ትርፉ ጌጥ አልነበረም፤ በውል ላይ የመስቀል ምልክት ላደረገ ሰው ልጅ ነገሩ ግልጥ ነው። ደብዳቤ ጽፎ ለላከላቸው ሁሉ ወይዘሮዪቱ መጽሐፍ ቅዱስ ይሸልሙ ነበር። በ1915 ዓ.ም. መታተም በጀመሩት የንባብ መጽሐፎቻቸውም ስለ ፍራፍሬ ዛፍ አያያዝ፥ ስለ ቀረጥና ስለ ምርጫ ትምህርት ገባ።

በሁለተኛው ዓመት የመጡት 1,600 ሆኑ። በሦስተኛው ዓመት የቀሩትን ፈልጎ ለማግኘት፥ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ በስሙ፥ በቤቱና በጠባዩ ተመዘገበ፤ ወደ ትምህርት ቤት ለማይመጣው ደግሞ አስተማሪው ከቤቱ ሄደ። ሐኪም በሽተኛውን፥ ልጅ አያቱን ያስተማረበት ጊዜ ነበረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ስቱዋርት በወረዳው ማንበብ የማይችሉ ተብለው ከተቈጠሩት 1,152 ሰዎች የቀሩት 23 ብቻ እንደሆኑ አስታወቁ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ዓይናቸው የማያይና ሕመምተኞች ናቸው ተባለ።

ይህን ቍጥር በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ቈጣሪዎቹ ራሳቸው አስተማሪዎቹ ነበሩ፤ በጥቂት ሳምንት ስሙን ጽፎ አጭር ደብዳቤ ያነበበ ሰው ሁሉ አንባቢ ተባለ፤ ከዓመት በኋላ ምን ያህል እንደ ቀረለት የመረመረ የለም። መምህር የሆነ ሰው ሁሉ፥ በተማሪው የመጀመሪያ ደስታ ላይ ቈሞ የሚሰጠው ነጥብ ከፍ እንደሚል ያውቀዋል። ሌላም ጉድለት አለ። ኬንታኪ በ1904 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ከልክላ፥ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስተምር የነበረውን የቤሪያ ኮሌጅን ሥራ አፍርሳለች፤ ሕጉ የተለሳለሰው በ1950 ዓ.ም. ነው። የጨረቃው ትምህርት ቤት ይህን አጥር አልነካም። ቢሆንም 1,200 ሰው ቀን ሲያርስና ግንድ ሲቈርጥ ውሎ፥ ማታ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ መሆኑ በቍጥር ክርክር የሚጠፋ ነገር አይደለም። ተራራው ሰው ትምህርት አይወድም ይሉ ለነበሩት ጋዜጦች መልሱ ይኸው ነው።

የኬንታኪ መንግሥት በ1914 ዓ.ም. መሃይምነትን የሚያጠፋ ኮሚሲዮን አቋቁሞ ወይዘሮዪቱን በላዩ ሾመ፤ እስከ 1920 ዓ.ም. ከግዛቱ መሃይምነት ይጠፋል ተብሎ ነበር። አልጠፋም፤ ኮሚሲዮኑ ግን በዚያው ዓመት ተዘጋ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች መማሪያ የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጁ፤ ትምህርቱም ወደ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ፤ በ1929 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሁቨር ስለ መሃይምነት ያቋቋሙትን የአገሪቱን ኮሚቴ መሩ። በእርጅናቸው ዘመን ዓይናቸው በሕመም ጠፍቶ፥ ለብዙ ሰው የከፈቱትን ገጽ ራሳቸው ማየት ሳይችሉ፥ በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና ዐረፉ። በጨረቃ ብርሃን የተማሩ ገበሬዎች በጐበጠ እጅ ጽፈው የላኩላቸው ደብዳቤዎች ከወረቀቶቻቸው ጋር በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል።